ሁለት ቦታ

የእህቴን ባል ሰፈሩ ሁሉ «ሁለት ቦታ» ይለው ነበር። እኔ ጋሼ ነው የምለው፤ እዚህም ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። ቅጽል ስሙን ያወጡለት የፎቶ ቤቱ ደንበኞች ናቸው። ጉርድ ፎቶ ሊነሳ የመጣ ተማሪም ይሁን የሰርግ አልበም ሊወስዱ የመጡ ሙሽሮች፣ ፖስታውን ከእጁ ከመልቀቁ በፊት አንገቱን ሰበር አድርጎ «ሁለት ቦታ አስቀምጡት፣ እሺ? አንዱ ቢጠፋ አንዱ አለ» ሳይል ሰው አይሸኝም።

በሁሉ ነገር እንዲሁ ነበር። የፎቶ ቤቱ ቁልፍ ሁለት ነው፤ አንዱ ኪሱ፣ አንዱ ጎረቤት ልብስ ሰፊው ጋ። መነጽሩ ሁለት ነው። ጃንጥላውም ሁለት ነው፤ ሁለቱንም ግን ፎቶ ቤት ረስቷቸው ይወጣና ዝናብ ሲደበድበው ቤቱ ይገባል። እህቴ ድምፅ በነበራት ጊዜ «ብቻ ሚስት ሁለት ቦታ እንዳታስቀምጥ» እያለች ታበሽቀው ነበር። እሱም እንባው እስኪመጣ ይስቅ ነበር።

እህቴ ድምፅ በነበራት ጊዜ ያልኩት አምልጦኝ አይደለም። እህቴ የጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ነበር የምትሠራው። ከትንሿ መስኮት ብቅ ብላ ስም ስትጠራ፣ ግቢው ዳር ዛፍ ሥር የተቀመጠ በሽተኛ ሳይቀር ይሰማታል። አንድ ጊዜ ማይክሮፎን እናስገባልሽ ቢሏት «ለማን?» አለቻቸው። በሽታው ከሰውነቷ ሁሉ ያንን ጉሮሮ መረጠ። ሐኪሙ ማንቁርቷ ካልወጣ እንደማትተርፍ፣ ከወጣ ደግሞ እንደማትናገር ሳያለባብስ ነገራት። ለቀዶ ሕክምናው ቀጠሮ የተሰጣት ለአሥራ ዘጠነኛው ቀን ነበር። ልጃቸው ያኔ አሥራ አራት ዓመቷ ነው።

አሥራ ዘጠኙንም ቀን ማልቀስ ይቻል ነበር፤ እኔ አልቅሻለሁ። እህቴ ግን በሦስተኛው ቀን ፎቶ ቤት መጥታ ጋሼን «ቅዳኝ» አለችው። እኔ ያኔም እዚያው ነበር የምሠራው፤ የሰው ብጉርና የሸሚዝ ቆሻሻ ከፎቶ ላይ ሳጸዳ ነው ዕድሜዬ ያለፈው። ከመጋረጃው ጀርባ ጉርድ ፎቶ የሚነሱ ሰዎች የሚዋሱት ኮትና ከረባት የሚሰቀልባት ጠባብ ክፍል አለች። ኮቶቹ የመንገዱን ጩኸት ስለሚውጡ ጋሼ እዚያ አስቀመጣት። በየቀኑ ከምሳ በኋላ እሷ ትናገራለች፣ እሱ ይቀዳል፣ እኔ ውጪ ሆኜ ደንበኛውን ዝም አሰኛለሁ።

ሁሉም ለልጇ ነበር። አንዱ ትምህርት ስትጨርሽ፣ አንዱ የመጀመሪያው ሰው ልብሽን ሲሰብረው፣ አንዱ ሥራ ስትይዢ፣ አንዱ እኔኑ አኩርፈሽ አላናግር ስትዪኝ። ይሄኛውን እየሳቀች ነው የቀዳችው። አንዱ ደግሞ ልጅ ስትወልጂ የሚል ነበር፤ እሱ ላይ የምትናገረው ትንሽ ነው፤ የቀረው ሕፃን እያባበለች የምታንጎራጉረው ነው። ሃያ ስድስት ሆኑ። ሃያ ሰባተኛውን ስትቀዳ ጋሼን አስወጥታ በሩን ዘጋች። ስትወጣ «የአንተ ነው። እኔ ቀድሜ ከሄድኩ ትሰማዋለህ፤ እስከዚያ እንዳትነካው» አለችው። እሱም አልነካውም።

ሌላም ሕግ አውጥታለች። ድምፄ ከስልክ ስልክ እየዞረ የትም አይለቀም ብላ፣ የተቀዳው ከፎቶ ቤት እንዳይወጣ ጋሼን አስማለችው። ስለዚህ ልጅቱ ጊዜው የደረሰላትን ለመስማት ፎቶ ቤት ትመጣለች፣ ኮቶቹ መሀል ትቀመጣለች፣ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ታደርጋለች። በአሥር ዓመት ውስጥ ዘጠኙን ሰምታለች። ስትወጣ ዓይኗ አብጦ፣ ፊቷ ግን በርቶ ነበር የምናያት።

ቤት ውስጥ እህቴ በትንሽ ነጭ ሰሌዳ ላይ ትጽፋለች፤ ጋሼ የጻፈችውን ጮክ ብሎ ያነበዋል። አንዲት ቃል አይዘልም። «ወጡ ጨው በዝቶበታል» ብላ ከጻፈች፣ ወጡን የሠራው እሱ ራሱ ቢሆንም «ወጡ ጨው በዝቶበታል» ይላል። «አንተ ዝርክርክ፣ ካልሲህን ከወንበሩ ላይ አንሳ» ብላ ስትጽፍም እንግዳ ፊት ራሱን በደንብ አድርጎ ይሰድባል። እንግዳው ይስቃል። አንድ ቀን ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ ጠየቅኩት። ቃሏ ቤት ውስጥ መሰማት አለበት፣ ድምፁ የእኔ ቢሆን ምን ቸገረ አለኝ።

ወደ ነገሩ ልግባ፤ እየሸሸሁት መሆኔ ይታወቀኛል። የፎቶ ቤቱ አሮጌ ኮምፒውተር እየጋለ ቀጥ ማለት ሲያበዛ ጋሼ አዲስ ኮምፒውተርና ፋይል የሚቀመጥባቸው ሁለት ኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ ገዛ። ሁለቱም ጥቁር፣ መዳፍ የሚያክሉ፣ በአንድ ቀን ከአንድ መደርደሪያ የወረዱ መንትዮች ናቸው። ነጭ ፕላስተር ለጥፎ «አንደኛ»፣ «ሁለተኛ» ብሎ ጻፈባቸው። የሠርጉን፣ የምርቃቱን፣ የእህቴን ድምፅ ሁሉ ወደ እነሱ ገልብጦ አሮጌውን ኮምፒውተር ሆዱን አጽድቶ ለልብስ ሰፊው ሰጠው። የሀርድ ዲስኮቹ ካርቶን ላይ በባዕድ ቋንቋ «ከእንግዲህ አይጨነቁ» የሚል ተጽፎ ነበር። ያንን ካርቶን ባሰብኩ ቁጥር እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል።

ከሀርድ ዲስኮቹ ጋር አብሮ የመጣ ፕሮግራም አለ። ሥራው አንደኛው ላይ ያለውን ሁሉ ሁለተኛው ላይም ልክ እንደዚያው ማድረግ ነው። ጠዋት ሁለቱን ስንሰካቸው አንድ መስኮት ብቅ ይልና «አንደኛውና ሁለተኛው አይመሳሰሉም። ላመሳስላቸው?» ይላል። አዎ እንለዋለን፣ ሩብ ሰዓት ያህል ይሠራል፣ ሲጨርስ አረንጓዴ ምልክት ያበራል። ትናንት የተነሱት ፎቶዎች አንደኛው ላይ ብቻ ስላሉ ሁለቱ በየጠዋቱ አይመሳሰሉም፤ ስለዚህ በየጠዋቱ መልሱ አዎ ነው።

ጋሼ ይህቺን ነገር እንደ ማለዳ ጸሎት ያዛት። በሩ ተከፍቶ ወለሉ ሳይጠረግ በፊት፣ መጀመሪያ አዎ። እኔ ከቀደምኩት ደግሞ ጃኬቱን ሳያወልቅ ከበሩ ላይ ሆኖ አዎ ብለሽዋል ወይ ይለኛል። ብያለሁ እለዋለሁ። በርቷል? በርቷል። ከዚያ በኋላ ነው እንዴት አደርሽ የሚለኝ። አራት ዓመት ሙሉ አዎ ብለናል። መስኮቱ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ካቆምኩ ስንት ጊዜዬ እንደሆነ እኔም አላውቅም።

በአራተኛው ዓመት አንደኛው ድምፅ ማሰማት ጀመረ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ትንሽ ዝም፣ ደግሞ ቀጭ። ጋሼ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠና «ይሄ ሰውዬ ያስለዋል» አለ። ፕሮግራሙ ውስጥ የሀርድ ዲስኩን ጤንነት የሚያሳይ ገጽ አለ፤ ከፈተው፤ አረንጓዴ ነው። ደህና ነኝ ይላል ብሎ ዘጋው። እኔም ደህና ነኝ ካለ ደህና ነው ብዬ ወደ ሥራዬ ዞርኩ። በሽተኛውንም ሐኪሙንም የላከልን ያው አንድ ፋብሪካ መሆኑ ለሁለታችንም አልታየንም።

ልጅቱ ልትወልድ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲቀራት፣ አንድ ማክሰኞ እህቴ የዓመት ምርመራ ነበራት። ጋሼ በማለዳ እሷን ይዞ ሆስፒታል ሄደ። እኔ ብቻዬን ፎቶ ቤቱን ከፈትኩ። ለፈተና መታወቂያ ጉርድ ፎቶ የሚፈልጉ ሰዎች በሩ ላይ ተሰልፈዋል። ሁለቱን ሰካኋቸው፣ መስኮቱ ብቅ አለ። ጽሑፉ ከሌላው ቀን ረዘም ያለ ነበር፤ ይሄን አስታውሳለሁ። አንድ ትልቅ ቁጥርም ነበረበት። አዎ አልኩት። ወትሮ ሩብ ሰዓት የሚፈጀው በአንድ ደቂቃ አለቀና አረንጓዴው በራ። ዛሬስ ፈጠነ ብዬ ደስ አለኝ። ያኔ እጄን በቆረጠው።

ያን ጠዋት አንደኛው ክፉኛ ታምሞ ኖሯል። የድሮ ፎልደሮቹን ማንበብ ሲያቅተው ባዶ ናቸው ብሎ አሳየ። ፕሮግራሙ ደግሞ ታዛዥ ነው፤ አንደኛው ባዶ ከሆነ ሁለተኛውም ባዶ መሆን አለበት። ያንን ላድርግ ወይ ብሎ ጠየቀኝ፣ እኔም አዎ አልኩት። የሰሞኑ ፎቶዎች እንዳሉ ስለነበሩ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ምንም ሳናውቅ ሠራን። በዘጠኙ ቀን ሦስት ሰርግና አንድ ምርቃት ሁለቱም ላይ ገለበጥን።

በአሥረኛው ቀን ልጅቱ ለጋሼ ደወለች። ሐኪሟ በዚህ ሳምንት ልትወልጂ ትችያለሽ ብላታለች። እናቷን አስፈቅዳለች፤ ለዚህ ለአንዱ ብቻ ከፎቶ ቤት ይውጣ ተብሏል። ስልኩ ድምፁ ከፍ ያለ ስለሆነ እኔ ድረስ ይሰማኛል። «አባዬ፣ ሆስፒታል ይዘህልኝ ና፣ እሺ? ልጄ ከሰው ሁሉ መጀመሪያ የእማዬን ድምፅ ነው የሚሰማው» አለችው። ጋሼ ስልኩን ዘግቶ እያፏጨ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። ማፏጨት አይችልበትም፤ ደስ ሲለው ብቻ ነው የሚሞክረው።

ፉጨቱ ቆመ። እኔ የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ላይ የፈሰሰ ነገር እያጠፋሁ ስለነበር ወዲያው አልዞርኩም። ስዞር አንደኛውን ነቅሎ እየሰካው ነበር፤ ከዚያ ሁለተኛውን። ከዚያ ፕሮግራሙ የሠራውን ሁሉ የሚመዘግብበትን ገጽ ከፈተ። እኔም ከትከሻው ጀርባ ቆሜ አየሁት። ማክሰኞ ጠዋት፣ ተሰርዟል፣ ተሰርዟል፣ ተሰርዟል እያለ ታች ድረስ ይወርዳል። ከመሀላቸው ሃያ ሰባቱ የእህቴ ነበሩ።

«እህት ዓለም» አለኝ ሳይዞር፤ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚጠራኝ። «ማክሰኞ ጠዋት የጠየቀሽ ነገር ነበር?»

«ሁልጊዜ የሚጠይቀውን ነው የጠየቀኝ።»

«አዎ አልሽው?»

«አዎ።»

ገጹን ዘጋው። ከዚያ «እኔ ነኝ ያስተማርኩሽ» አለ። ቢሰድበኝ፣ ቢያባርረኝ ይሻለኝ ነበር። መዳፉን አንደኛው ላይ ጭኖ ተቀመጠ፤ ውስጡ አሁንም ቀጭ ቀጭ ይላል።

በዚያው ቀን ሁለቱንም ይዘን የጠፋ ፋይል የሚያወጣ ባለሙያ ጋ ሄድን። ሰውየው ለሁለት ቀን ሞከረ። አንደኛው ውስጥ የሚሽከረከረው ሳህን ተፍቋል፣ የተፋቀ ደግሞ አይመለስም አለን። ሁለተኛው ጤነኛ ነበር፤ የተሰረዘውም በማግስቱ መጥታችሁ ቢሆን ኖሮ ይወጣ ነበር። ነገር ግን በላዩ ላይ ሦስት ሰርግ ጽፋችሁበታል አለ። ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚናገረው ዓይናችንን እየሸሸ ነበር። ጋሼ ለሻጮቹም ደወለ። ፕሮግራሙ የታዘዘውን ነው የፈጸመው አሉት፤ ዋስትናው ግን ስላላለቀ በተበላሸው ምትክ አዲስ ሰጡት። ያው ጥቁር፣ ያው ካርቶን፣ ከእንግዲህ አይጨነቁ። ጋሼ ሳይከፍተው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው።

ለእህቴ ልንነግራት አብረን ሄድን። መንገድ ላይ እኔ ነኝ የምነግራት፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ ነበር። እሱ ቀድሞኝ ይራመድ ነበር። ስንገባ እህቴ በመስኮቱ በኩል በሚገባው ፀሐይ ለሚወለደው ልጅ የገዛችውን ልብስ እያጣጠፈች ነበር። ጋሼ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ አፌን ሳልከፍት ጀመረ።

«ድምፅሽ ጠፍቷል» አላት። «ሁሉም፤ ሁለቱም ቦታ። ማክሰኞ ጠዋት ፕሮግራሙ ጠየቀኝ፤ ሳላነብ አዎ አልኩት። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

እሱ አላየኝም፤ እኔም አልተናገርኩም። ይህን የምጽፈው ለዚያች ዝምታ ነው። እህቴ የሕፃኑን ልብስ ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ግድግዳውን ስታይ ቆየች። ፊቷ ላይ እንባ አልነበረም፤ እጇ ግን ወደ ጉሮሮዋ ሄደ። ከዚያ ሰሌዳውን ሳበችና አንድ መስመር ጽፋ ወደ እሱ አዞረችው። የሰሌዳው ጀርባ እንጂ ፊቱ ለእኔ አይታየኝም። ጋሼ አነበበ፤ በልቡ ነው ያነበበው። እዚያ ቤት እህቴ የጻፈችው ሳይነበብ ሲቀር ያየሁት ያን ቀን ነው። ጎንበስ ብሎ በጆሮዋ አንድ ነገር አላት፣ ሰሌዳውን ተቀብሎ በእጅጌው አጠፋው።

መቼም ይቅር አልልህም ብላው ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ከዚያ የባሰም አሰብኩ። የእኔን ጥፋት ተሸክሞ ስድቡን በእኔ ፈንታ ሲውጠው ቆሜ አየሁ። ሳምንቱ ሳያልቅ ልጁ ተወለደ። እህቴ ሆስፒታል ሄዳ አቀፈችውና ያንን የምታንጎራጉረውን ዜማ በጣቷ ጀርባው ላይ መታ መታ አደረገችለት፤ ከንፈሯም ይንቀሳቀሳል። ልጅቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች። ጋሼ ኮሪደሩ ላይ ወጥቶ ቆመ፤ እኔም ተከትዬው ወጥቼ አጠገቡ ቆምኩ። ያኔም ለእህቴ እውነቱን አልነገርኳትም።

ከዚያ ወዲህ ጋሼ ለደንበኛ «ሁለት ቦታ» ማለቱን ተወ። ፖስታውን ይሰጥና «በደህና ያቆየው» ብሎ ይሸኛል። የለመዱት ሰዎች ሁለት ቦታ አትለንም ወይ እያሉ ይቀልዱበታል፤ እሱም ፈገግ ይልላቸዋል። አንጀቴን ይበላኝ ነበር። አንድ ቀን ምሳ ላይ እህቴ ጻፈች፤ እሱም እንደ ወትሮው ጮክ ብሎ አነበበው፦ «የአንተን ልጻፍልህ ወይ?» ሃያ ሰባተኛውን ማለቷ ነው። ጉርሻውን አላምጦ እስኪውጥ ቆየና «ተዪው። ምናልባት እኔ ልቀድም እችላለሁ፤ ያኔ አያስፈልገኝም» አላት።

እንዳለውም ቀደመ። ከተነገራት በአሥራ አራተኛው ወር፣ ፎቶ ቤቱን ሊከፍት ጎንበስ ብሎ በዚያው ቀረ። ልቡ ነው አሉ። ልብስ ሰፊው ሮጦ ሲደርስ ቁልፉ በእጁ ነበር። አንዳንድ ሰው ያጽናናኝ መስሎት፣ እንግዲህ እሱ ቀድሞ ከሄደ ያንን ቅጂ ለመስማት አይበቃም ነበር ይለኛል። እኔ ይሄ አያጽናናኝም። ያልሰማው ሌላ ነገር ነው፤ እሱ በሕይወት እያለ እህቴ ፊት ቆሜ ጥፋቱ የእኔ ነው ስል አልሰማኝም።

ለቀስተኛው ተመናምኖ ወንበሮቹ የተመለሱ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ እህቴና እኔ ብቻችንን ቀረን። ልጅቱ ሕፃኑን ይዛ ጓዳ ተኝታለች። እህቴ እሱ ይቀመጥበት የነበረው ወንበር ላይ ነበረች። ከዚህ በላይ ሆድ ይፍጀው ብዬ መኖር አልቻልኩም።

«እትዬ» አልኳት። «ያን ማክሰኞ አዎ ያልኩት እኔ ነኝ። ጋሼ ምንም አልነካም። እኔን ለማዳን ነው የዋሸሽ።»

አየችኝ። የተቆጣ ፊት ጠብቄ ነበር፤ አላገኘሁም። ሰሌዳውን አነሳች፣ ቀስ ብላ ጻፈች፣ አዞረችልኝ። «ያን ማክሰኞ ጠዋት እኮ ከእኔ ጋር ሆስፒታል ነበር» ይላል።

ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። አሥራ አራት ወር ሙሉ ይሄ እንዴት አልታየኝም? እሱ ሲዋሽላት አብራው የዋለችው ራሷ ነበረች። ገና ከአፉ ሲወጣ አውቃለች፤ እሱ ካልነካው የነካው ማን እንደሆነም አውቃለች፤ እዚያው አጠገቡ ቆሜ ነበር። ታዲያ ያን ዕለት ምን ብለሽ ነው የጻፍሽለት አልኳት። ያለውን አጠፋችና «ይህንኑ ነው» ብላ ጻፈች።

«እሱስ በጆሮሽ ምን አለሽ?»

እጇ ሰሌዳው ላይ ቆየ። ማርከሩ ደክሞ ስለነበር አንዳንዱን ፊደል ሁለቴ ትደግመዋለች። ጽፋ ስትጨርስ አዞረችው፤ እኔም አነበብኩት፤ እሷ ግን ሰሌዳውን አላወረደችም። የምታየው ዓይኔን አልነበረም፣ አፌን ነበር። መጀመሪያ ምን እንደምትጠብቅ አልገባኝም። በኋላ ገባኝ። እዚያ ቤት ሰሌዳው ላይ የተጻፈ ሁሉ በድምፅ ይነበባል፤ የሚያነበው ሰው ደግሞ አሁን የለም።

ጉሮሮዬን ጠርጌ ጮክ ብዬ አነበብኩላት።

«ዝም በዪ፣ ማወቅሽን እህትሽ እንዳታውቅ።»